ሻጭ ገዢን ሲመርጥ

የገበያ ሕግ የታወቀ ነው። ገንዘብ የያዘ ይመርጣል፣ ዕቃ የያዘ ይሸጣል። ሻጭ ቢበዛ በዋጋ ይከራከራል እንጂ ገዢውን «ማታ ስንት ሰዓት ትገባለህ? ቤትህ መስኮቱ ይዘጋል? ነገ ሥራ ብትቀይር ምን ልታደርግ ነው?» ብሎ አይመረምርም። «ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ» የሚባለውም ለዚሁ ነው።

ይህ ሕግ የሚገለበጥበት አንድ ትንሽ ገበያ አለ። በእንግሊዝ አገር የዘር ሐረጋቸው የተመዘገበ ድመቶችን የሚያራቡ ሰዎች፣ ቢያንስ ደህናዎቹ፣ ግልገል የሚሸጡት ለከፈለ ሁሉ አይደለም። ገዢ ያመለክታል፣ ይጠየቃል፣ ቤት ድረስ ተጠርቶ ይታያል። ከዚያ ሁሉ በኋላም «አይሆንም» ሊባል ይችላል።

አገር በሚታመስበት ሰዓት የድመት ወሬ ምን ይረባል የሚል አይጠፋም። ነገሩ ግን ከድመት ያልፋል። ነፍስ ያለውን ፍጡር ከማያውቀው ቤተሰብ ጋር የሚያገናኝ ሰው ምን መጠየቅ አለበት? ኃላፊነቱስ የት ላይ ያበቃል? ጥያቄው ጉዲፈቻንም፣ ሠራተኛ ቅጥርንም፣ ጋብቻንም ይነካል። በድመት ላይ ሲታይ ግን ጠርቶ ይታያል፤ ምክንያቱም ድመቷ ለራሷ መናገር አትችልም።

አራት ግልገል፣ አሥራ አንድ አመልካች

ከሊድስ ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኝ መንደር የሚኖሩ አንዲት ጡረተኛ መምህርት «አቢሲኒያን» የሚባለውን ዝርያ ማራባት ከጀመሩ ሃያ ዓመት ሊሞላቸው ነው። ቤታቸው ፋብሪካ አይደለም። ሁለት እናት ድመቶች አሏቸው፤ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ቢበዛ ሁለት ጊዜ ግልገል ይኖራል። በመጋቢት ወር አንደኛዋ አራት ወለደች፤ ሁለት ወንድ፣ ሁለት ሴት። ጨቅላ ሳሉ አንዱ ከሌላው ስለማይለይ በየአንገታቸው ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ክር ታሰረላቸው። ለምዝገባ የሚሆን ረጅም የወረቀት ስም አላቸው፤ የሚጠሩበትን የቤት ስም ግን የሚያወጣው የሚወስዳቸው ቤተሰብ ነው።

ዝርያውን ላላየ፦ ቀጠን ያለ፣ ጡንቻማ፣ ጆሮው ትልልቅ ድመት ነው። በእያንዳንዷ ፀጉር ላይ ጠቆር ያለና ፈካ ያለ ቀለም ስለሚፈራረቅ ከሩቅ ሲያዩት የጥንቸል ጠጉር ይመስላል። ውበቱ ብዙ ሰው ይስባል። ጠባዩ ግን ለሁሉም አይሆንም። አቢሲኒያን ጭን ላይ ተኝቶ የሚውል ድመት አይደለም። ቁምሳጥን አናት ላይ ይወጣል፣ መሳቢያ ይከፍታል፣ ሰው ከክፍል ክፍል ሲሄድ ይከተላል። ብቻውን ሲውል ይከፋል፤ የከፋው ድመት ደግሞ መጋረጃውንና ሶፋውን ይነግርበታል።

ግልገሎቹ ገና ዓይናቸውን ሳይገልጡ አሥራ አንድ ሰው ደወለ። የመጀመሪያው ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ዋጋው ስንት ነው?» አርቢዋ ዋጋውን አይደብቁም፤ አንድ ሺህ ፓውንድ ገደማ ነው። ወዲያው ግን በተራቸው ይጠይቃሉ፤ «ቤታችሁ በቀን ስንት ሰዓት ባዶ ይሆናል?» በዚህች ጥያቄ ብቻ ሦስት ሰዎች ስልኩን ዘግተው አልተመለሱም። አርቢዋ ይህን እንደ ኪሳራ አያዩትም፤ ወንፊቱ ሥራውን ጀመረ ማለት ነው።

ወረቀቱ የሚለውና የማይለው

አራቱም ግልገሎች ወረቀት አላቸው። በ1910 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የእንግሊዝ የድመት ወዳጆች ምክር ቤት መዝገብ ላይ አባት፣ እናት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እያለ ወደ ላይ የሚወጣ የስም ዝርዝር ነው። ገዢዎች ይህን ወረቀት ሲያዩ ዓይናቸው ይበራል።

ወረቀት ግን ሁሉን አያውቅም። የዝርያው ስም ራሱ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። በ1868 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ወርሮ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ከሠዉ በኋላ፣ ሲመለስ ያልጫነው ነገር አልነበረም። ከስድስት ዓመት በኋላ ጎርደን ስቴብልስ የተባለ የባሕር ኃይል ሐኪም ስለ ድመቶች ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ «ዙላ» የተባለች ድመት ሥዕል ወጣ። ከጦርነቱ ማብቂያ በኋላ ከአቢሲኒያ የመጣች እንደሆነች ተጽፎባታል። ዙላ ደግሞ ያ ጦር ከመርከብ የወረደበት የቀይ ባሕር ዳርቻ ስም ነው። ዝርያው ስሙን ይዞ የቀረው በዚህ መንገድ ነው።

የዛሬዎቹ ድመቶች ከዙላ መወለዳቸውን የሚያሳይ ሰነድ ግን የለም። ሥዕሏም ብዙ አትመስላቸውም። በሆላንድ የላይደን ሙዚየም በ1830ዎቹ የገባ፣ ተመሳሳይ ጠጉር ያለው የደረቀ ድመት አለ፤ ትውልዱ «ሕንድ» ተብሎ ተጽፎበታል። በቅርብ ዓመታት የተደረጉ የዘረመል ምርምሮችም የሚያመለክቱት ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻና ወደ ቤንጋል ባሕረ ሰላጤ አካባቢ ነው። ስሙ የሐበሻ፣ ደሙ የሌላ አገር ማለት ነው።

የወረቀቱ ሁለተኛ ችግር የበለጠ ይመራል። በኢትዮጵያ ብዙ አካባቢዎች የዘር ሐረግ የሚቆጠረው ለሠርግ ነው። ሽማግሌዎች እስከ ሰባት ቤት ወደ ላይ ይቆጥራሉ፤ የሚቆጥሩትም ዘመዳሞች እንዳይጋቡ ነው። ቆጠራው ለመራቅ ነው። በዘር ድመት ዓለም ቆጠራው ብዙ ጊዜ ተቃራኒ ሆኖ ኖሯል፤ የተፈለገው መልክ እንዳይጠፋ ቅርብ ከቅርብ ማጋባት። በዚያ ላይ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በእንግሊዝ የቀሩት አቢሲኒያኖች በጣት የሚቆጠሩ ስለነበሩ የዝርያው መሠረት ጠባብ ነው።

ውጤቱ በደም ተላለፈ። አቢሲኒያን ድመቶችን ከሚያሠጉ የዘር ሕመሞች አንዱ የዓይን ሬቲናን ቀስ በቀስ የሚያጠፋ ነው። ግልገሉ ሲወለድ ጤነኛ ነው፤ ምልክቱ አንድ ዓመት ተኩልና ሁለት ዓመት ላይ ይጀምራል፤ ከዚያ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይታወራል። ሌላው የቀይ ደም ሕዋስን ዕድሜ የሚያሳጥርና ደም ማነስ የሚያስከትል ሕመም ነው። በ2007 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ የዘረመል ካርታዋ የተነበበው ድመት «ሲናመን» የምትባል አሜሪካዊት አቢሲኒያን ነበረች። የተመረጠችውም ትውልዷ በቅርብ ጋብቻ የመጣ ስለነበር ነው፤ የቅርብ ዘመዳሞች ልጅ ዘረመሉ ስለሚመሳሰል ለማንበብ ይቀላል። ሳይንስ ተጠቀመ፤ ዝርያው ግን ዋጋ ከፍሏል።

ዛሬ ሁለቱም ሕመሞች ከጉንጭ ውስጥ በጥጥ በሚወሰድ ናሙና ይታወቃሉ። ዘረመሉን ከአንድ ወገን ብቻ የወረሰ ድመት ራሱ አይታመምም፤ ሁለት ተሸካሚዎች ከተጋቡ ግን ልጆቹ ሊታመሙ ይችላሉ። የሊድሷ አርቢ እናትና አባቱን ከማገናኘታቸው በፊት አስመርምረዋል። አባቱ ንጹሕ ነው፤ እናቲቱ ግን የዓይኑን ሕመም ተሸካሚ ናት። ከአራቱ ግልገሎች ባለ ሰማያዊ ክሯ የእናቷን ወርሳለች። አትታመምም፤ ነገር ግን ያለ ምርመራ መውለድ የለባትም። አርቢዋ ይህን ለጠየቀም ላልጠየቀም በመጀመሪያው ስልክ ይናገራሉ። ስለ ሰማያዊዋ ይደውሉ ከነበሩት ሁለቱ ከዚያ በኋላ ድምፃቸው አልተሰማም።

ዘጠኝ ሳምንት ማየት

«ዘር ከልጓም ይስባል» ይላል የአገር ሰው። በድመትም ቢሆን ውሸት አይደለም። በ1995 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ የወጣ ጥናት ሰው የሚወድ አባት ያላቸው ግልገሎች አባታቸውን ሳያዩት ያደጉ ቢሆኑም ከሌሎቹ ይልቅ ደፋር እንደሚሆኑ አሳይቷል። ያው ጥናት ሌላም ነገር አለው፤ በጨቅላነታቸው የሰው እጅ የለመዱት ሰው ሲቀርባቸው አይሸሹም። ዘር ይስባል፤ እጅም ይስባል።

ድመት ሰውን የምትለምድበት ዋናው ጊዜ አጭር ነው፤ በግምት ከሁለተኛው እስከ ሰባተኛው ሳምንት። በእነዚያ ሳምንታት የመምህርቷ ቤት ትምህርት ቤት ይሆናል። ቫክዩም ይጮኻል፣ ሬዲዮ ይከፈታል፣ የጎረቤት ልጆች ገብተው ወለል ላይ ይቀመጣሉ፣ ጎልማሳ ወንድ ጮክ ብሎ ይናገራል። አርቢዋ ማታ ማታ ደብተር ላይ ይጽፋሉ። ቀዩ፦ አዲስ ነገር ሲመጣ መጀመሪያ የሚሮጠው እሱ ነው። አረንጓዴው፦ ቀዩን ተከትሎ ይሮጣል፤ ብቻውን ሲቀር ግን ይጮኻል። ቢጫዋ፦ ሰው ላይ ትወጣለች፣ አፍንጫ ትልሳለች፣ ትተኛለች። ሰማያዊዋ፦ ከሶፋው ስር ሆና ታያለች፤ ሰው ዝም ካለ ትወጣለች፣ እጁን ከዘረጋ ትመለሳለች።

ለዚህ ነው ገዢ ፎቶ አይቶ «ያቺን» እንዲል የማይፈቀደው። የሦስት ሳምንት ግልገል ፎቶ የሚያሳየው መልክ ብቻ ነው። አርቢዋ የሚመድቡት ዘጠኝ ሳምንት ካለፈ በኋላ ነው።

ከእናትም ቶሎ አይለዩም። የእንግሊዝ ሕግ ፈቃድ ያለው አርቢ ከስምንት ሳምንት በታች የሆነ ግልገል እንዳይሸጥ ይከለክላል። የዘር ድመት አርቢዎች ልማድ ግን ወደ 13 ሳምንት ይጠጋል፤ ክትባቱ ተጠናቆ፣ ሳምንት ከርሞ። በ2017 እ.ኤ.አ. የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ5,700 በላይ ድመቶችን ያካተተ ጥናት አውጥተው ነበር፤ ከስምንት ሳምንት በፊት ከእናታቸው የተለዩት በማያውቁት ሰው ላይ የመቆጣት ጠባይ በብዛት ታይቶባቸዋል፤ የዘገዩት ደግሞ የተሻሉ ሆነው ተገኝተዋል። ትዕግሥት እዚህ ጋ ምግባር ብቻ ሳይሆን ዕውቀትም ነው።

ሕጉም እየጠበቀ መጥቷል። ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በእንግሊዝ ደላላ ወይም የእንስሳት ሱቅ ከስድስት ወር በታች የሆነ የድመት ወይም የውሻ ግልገል አትርፎ መሸጥ አይችልም፤ ገዢ አርቢው ጋ ወይም የእንስሳት መጠለያ ሄዶ ይረከባል። ከሰኔ 2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ የቤት ድመት ሁሉ 20 ሳምንት ሳይሞላው ማይክሮቺፕ ሊገባለት ግድ ነው፤ ካልሆነ ቅጣቱ እስከ 500 ፓውንድ ይደርሳል። ሕግ ደላላን ያስወጣል፣ ቁጥር ያስመዘግባል። የትኛዋ ግልገል ለየትኛው ቤት እንደምትሆን ግን ሕግ አይነግርም። ያ የሰው ሥራ ነው።

«አይሆንም» የተባሉት

ከአመልካቾቹ መካከል ሁለት ወጣት ባልና ሚስት ነበሩ። ቤታቸው ሰፊ፣ ደመወዛቸው ጥሩ፣ ትሕትናቸው የሚወደድ። ሁለቱም ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ወጥተው ማታ አንድ ሰዓት ይገባሉ። አንዲት ሴት ግልገል ብቻ ፈለጉ። አርቢዋ «ሁለት ውሰዱ፤ አለዚያ አትውሰዱ» አሏቸው። ባልየው ሁለቱንም ሴቶች እወስዳለሁ፣ በእጥፍ እከፍላለሁ አለ፤ አንድ ነገር ግን ጨመረ። ግልገሎቹ መራባት የሚፈቅደው መዝገብ ላይ እንዲገቡለት ፈለገ።

በምክር ቤቱ መዝገብ አንድ ድመት በሁለት መልክ ሊመዘገብ ይችላል። አንደኛው ልጆቹም ወረቀት እንዲያገኙ የሚፈቅድ ነው፤ ሁለተኛው የማይፈቅድ። ለቤት የሚሸጥ ግልገል አብዛኛውን ጊዜ በሁለተኛው ይመዘገባል፣ ውሉም እንዲመክን ያስገድዳል። የባልየው ሒሳብ ግልጽ ነበር፤ ሁለት እናት፣ በዓመት ስምንት ግልገል፣ ስምንት ሺህ ፓውንድ። አርቢዋ አልተቆጡም። ሰማያዊዋ የዓይን ሕመም ተሸካሚ መሆኗን ነግረውት እንደነበር አስታወሱት። «ገዢ ይህን አይጠይቅም» አላቸው። የሁለት ሺህ ፓውንዱ ውይይት እዚያው ላይ አበቃ።

ሌላው አመልካች ሚስታቸው የሞተችባቸው የሰባ ስምንት ዓመት አዛውንት ነበሩ። ቀኑን ሙሉ ቤት ናቸው፤ የሚፈልጉትም ጭናቸው ላይ የምትተኛ ድመት ነው። እሳቸውንም «አይሆንም» አሏቸው፤ ለመናገር የከበዳቸውም ይኸኛው ነው። የአቢሲኒያን ግልገል መጋረጃ ላይ ስትወጣ ተነሥቶ የሚያወርዳት ሰው ያስፈልጋታል። ድመት ደግሞ አሥራ አምስት ዓመት ልትኖር ትችላለች። አርቢዋ ግን በ«አይሆንም» ብቻ አልሸኟቸውም። ከእንግዲህ የማትወልድ፣ የመከነች፣ የስድስት ዓመት እርጋታ ያላት ድመት ነበረቻቸው፤ የእነዚህ ግልገሎች አክስት። እሷን ያለ ዋጋ ሰጧቸው። አዛውንቱ ግልገል ሊገዙ መጥተው ጓደኛ ይዘው ሄዱ።

ቀዩና አረንጓዴው አብረው ሄዱ። የወሰዳቸው ሦስት ልጆችና አንድ ረጋ ያለ ውሻ ያለው፣ በሩ የማይዘጋ፣ ድምፅ የማይቋረጥበት ቤት ነው። ለሌላ ግልገል ሲኦል የሚሆን ቤት ለእነሱ ሠርግ ነበር። ቢጫዋን ቤቷ ሆና የምትሠራ አንዲት ተርጓሚ ወሰደቻት። ያቺ ሴት ቀድሞ የነበራት አቢሲኒያን በእርጅና ሞቶባት ስለነበር ምን እንደምትወስድ ታውቃለች።

ሰማያዊዋ ቀረች።

«ስንት አይጥ ትይዛለች?»

ሊድስ ውስጥ ከሚኖሩ ኢትዮጵያውያን አንዱ የአውቶብስ ሹፌር ነው፤ ሚስቱ አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ትሠራለች። የአሥር ዓመት ሴት ልጃቸው ድመት ከለመነች ሁለት ዓመት ሆኗታል። አባት ለድመት አንድ ሺህ ፓውንድ የሚያወጣ ሰው አልነበረም። ልቡን የለወጠው ስሙ ነው። «አቢሲኒያን» የሚለውን ሲያነብ «ይቺማ የአገራችን ልጅ ናት» አለ።

ደብረ ብርሃን ያሉት እናቱ በስልክ ሲሰሙ ሳቁ።

«ድመት በገንዘብ?»

«የዘር ድመት ናት፣ እማዬ። ወረቀት አላት።»

«ወረቀቱን ተወውና፣ ስንት አይጥ ትይዛለች?»

ጥያቄው ቀልድ ብቻ አልነበረም። በአገር ቤት ግልገል ከጎረቤት በዘንቢል ይመጣል፤ ሥራውም ጎተራ መጠበቅ ነው። ማንም ሐረጉን አይቆጥርም። ጎረቤት ግን ጎረቤት ስለሆነ ግልገሉ የት እንደገባ ያውቃል፤ ቢራብ ያያል፣ ቢጠፋ ይሰማል። ጠያቂ የሌለ መስሎ ሰፈሩ በሙሉ ጠያቂ ነው። የእንግሊዟ አርቢ በጥያቄና በውል ለመሥራት የሚሞክሩት ያንን ጉርብትና ነው።

ቤተሰቡ መምህርቷ ጋ ሲደርስ አባት መጀመሪያ የተናገረው ስለ ስሙ ነው። አርቢዋ በዚህ ስም ብቻ ሊሸጡለት ይችሉ ነበር። ግን እውነቱን ነገሩት፤ ስለ ላይደኑ ሙዚየም፣ ስለ ዘረመሉ ምርምር፣ ስለ ቤንጋል። አባት ጥቂት ዝም አለና «እንግዲያው እሷም እንደኛው ስደተኛ ናት» አለ።

ከዚያ ጥያቄው መጣ። ቤቱ በቀን ስንት ሰዓት ባዶ ይሆናል? ባልና ሚስት ተያዩ። እሱ የጠዋት ሺፍት ሲሆን እሷ የማታ ናት። ለዓመታት ሲያማርሩት የኖሩት ነገር፣ አብረው እራት የማይበሉበት፣ በበር ላይ ሰላም ተባብለው የሚተላለፉበት ኑሮ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ መልካም መልስ ሆነ። «ቤታችን ባዶ ሆኖ አያውቅም» አለች ሚስት።

አከራያቸው በጽሑፍ መፍቀዱን አሳዩ። ፎቁ ሦስተኛ ስለሆነ መስኮቶቹ መረብ እንዲገባላቸው ተስማሙ። ክረምት ላይ አገር ቤት ሲሄዱ ማን እንደሚጠብቃት ተጠየቁ፤ የሰፈራቸውን ሰው ጠሩ። ስለ ዓይን ሕመሙ ሲነገራቸው አባት የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «እሷ ታያለች አይደል?» ታያለች።

በዚህ ሁሉ መሃል ልጅቷ ምንጣፉ ላይ ተቀምጣ መጽሐፍ ታነብ ነበር። እናቷ ከመግባታቸው በፊት «ዝም ብለሽ ተቀመጪ፤ እንግዳ ነሽ» ብላታለች። በሐበሻ ቤት ልጅ እንግዳ ቤት ሲሄድ የሚሰማው ምክር ነው። አርባ ደቂቃ ያህል ሲያልፍ ሰማያዊዋ ከሶፋው ስር ወጣች። የልጅቷን ካልሲ አሸተተች። ልጅቷ ገጽ መግለጥ አቆመች፤ እጇን ግን አልዘረጋችም። ግልገሏ ዞራ ሄደች፣ ተመልሳ መጣች፣ በስተመጨረሻ መጽሐፉ ላይ ተቀመጠች።

አርቢዋ ደብተራቸውን ዘጉ። አንድ ችግር ግን ነበር፤ ወንድሞቿና እህቷ ሄደዋል፣ ሌላ ግልገል የለም፤ ብቻዋን ትሆናለች። የቤቱ አለመዘጋት ያንን አካካሰው። ግልገሏ ሌሎቹ ከሄዱ በኋላ ሦስት ሳምንት ቆይታ፣ በ16 ሳምንቷ ተሸኘች። የእናቷ ሽታ ያለበት ጨርቅ፣ የለመደችው ምግብና የለመደችው የመጸዳጃ አሸዋ አብሯት ሄደ። ለመጀመሪያዎቹ ቀናት በአንድ ክፍል ብቻ እንድትቆይ ተነገራቸው፤ ቤት በአንዴ ሲከፈት ለፈሪ ግልገል አገር ይሆንባታል።

የውሉ የመጨረሻ መስመር

አራቱም ቤተሰቦች አንድ ዓይነት ውል ፈርመዋል። ማምከን አለበት፣ ሐኪም ጋ መወሰድ አለበት። የመጨረሻው መስመር ግን ከሁሉ ይበልጣል። በማናቸውም ምክንያት፣ በማናቸውም ዕድሜ፣ ድመቱን ማቆየት ካልቻላችሁ ለሌላ አትስጡ፤ ወደ እኔ ይመለስ ይላል። አርቢዋ ይህን መስመር የጨመሩት ከዓመታት በፊት የሸጡት አንድ ድመት በሦስት ሰው እጅ አልፎ፣ ከስቶና ፈርቶ መጠለያ ውስጥ ከተገኘ በኋላ ነው። በኃላፊነት ለሚሠራ አርቢ ሽያጭ መጨረሻ አይደለም። የወለደው ቤት በር አይዘጋም።

ሹፌሩ ይህን መስመር ሁለት ጊዜ አነበበው። የአውቶብሱ መስመር በየቀኑ በሄዲንግሊ ያልፋል። ያ የሊድስ ሰፈር ለሐበሻ ሌላ ስም አለው፤ የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ በኅዳር 1879 እ.ኤ.አ. በአሥራ ስምንት ዓመቱ የሞተበት ነው። መቅደላ ስትወድቅ የሰባት ዓመት ልጅ ነበር። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ወደ ባሕሩ በሚወስደው ጉዞ ላይ ሞቱ። እንግሊዝ ሲደርስ አማርኛ የሚያውቀውን ሞግዚቱን ካፒቴን ስፒዲን ተጠግቶ ነበር፤ ባለሥልጣናት ለትምህርቱ ይበጃል ብለው ለዩት። ከዚያ አስተማሪ ቤት፣ አዳሪ ትምህርት ቤት፣ የጦር አካዳሚ። ሁሉም በመልካም ሐሳብ እንደወሰኑለት ይናገራሉ። ልጁ ከማን ጋር ሲሆን እንደሚረጋጋ ጠይቆ፣ ያንን መልስ ሕግ ያደረገለት ግን አልነበረም።

ልዑልን ከድመት ጋር ማወዳደር ነውር ነው፤ ሹፌሩም አላወዳደረም። ሚስቱን ግን በመኪና ሲመለሱ እንዲህ አላት፤ «አየሽ፣ ለድመት እንኳ ‹ካልቻላችሁ መልሱልኝ› ብለው ይጽፋሉ።» ሚስቱ አልመለሰችም። አስከሬኑ ዛሬም በዊንዘር ቤተ መንግሥት ነው። ኢትዮጵያ ይመለስልኝ ብላ ጠይቃለች፤ በ2023 እ.ኤ.አ. የቤተ መንግሥቱ መልስ በአካባቢው ያረፉትን ሌሎች ሳይነኩ ማውጣት አይቻልም የሚል ነበር።

ጥሩ አገናኝ ማለት እንግዲህ የተሻለ ወረቀት ያለው አይደለም። ወረቀት ሐረግ ይቆጥራል፤ ሐረጉም ሊሳሳት ይችላል። ገንዘብም አይደለም፤ ገንዘብ በእጥፍ መጥቶ ተመልሷል። አገናኝ ሦስት ነገር ይጠየቃል፤ የሚሰጠውን ፍጡር ለማወቅ ጊዜ መውሰድ፣ ለሚያምር አመልካችም ቢሆን «አይሆንም» ማለት፣ ነገሩ ካልሆነ ደግሞ በሩን ከፍቶ መቀበል። ሦስተኛው ከሌለ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ባዶ ሥርዓት ናቸው። ልጅ ለጉዲፈቻ የሚሰጥ፣ እህትን ወደ ዓረብ አገር የሚልክ፣ ልጁን የሚድር ሁሉ ከመፈረሙ በፊት ያንን የመጨረሻ መስመር ይፈልግ። ካልተጻፈ ያስጽፍ።

ግልገሏ አሁን ስም አላት። ልጅቷ «ዙላ» እንበላት ብላ ነበር፤ አባት የጦር ሠራዊት ማረፊያ ስም ቤቴ አይገባም አለ። «እንግዳ» ተባለች። በሰባተኛው ቀን ከክፍሏ ወጥታ ቤቱን ዞረች። ደብረ ብርሃን ያሉት አያትም በቪዲዮ አዩዋት፤ አይጥ እንደማትይዝ አረጋግጠዋል፤ ሆኖም በየእሑዱ ሲደውሉ መጀመሪያ የሚጠይቁት ስለ እሷ ነው።